የገመድ ነጂው ሃያ ድንጋጤ

«አቶ አጥናፉ እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

በሩ ላይ የቆሙት ሰውዬ ቅንድባቸውን ሽቅብ አነሱ። አፋቸው በትንሹ ተከፈተና አየር ባጭሩ ወደ ውስጥ ሳቡ። በግራ እጃቸው ያለው አምባር ወዲያው ማንጎራጎር ጀመረ።

«ይቅርታ፣ አስደነገጥኩዎት።»

«ኧረ ምንም አልደነገጥኩም።»

«አምባሩ እኮ...»

«እሱን ተዪው። እሱ እንደ አራስ ልጅ ነው፤ በሆነ ባልሆነው ይነጫነጫል።»

ወንበሩን አሳየኋቸውና ከመስታወቱ ወዲህ ወዳለችው ክፍሌ ገባሁ። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ «ስማቸው ሲጠራ ይደነግጣሉ፤ መደንገጣቸውን ይክዳሉ» ብዬ ጻፍኩ። ጊዜው የ2094 ዓ.ም. ጥር አጋማሽ ነበር።

አቶ አጥናፉ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በጀማ ሸለቆ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያሻግረውን ሳጥን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድተዋል። ቤታቸው በወዲያኛው ማዶ ነው። እዚያ አምባር የገባው ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው፤ እሱም ለገመዱ ሠራተኞች ብቻ፣ በሥራ ሰዓት። አምባሩ በቀን በአማካይ መቶ አርባ ድንጋጤ መዘገበባቸው። ለነጂ የሚፈቀደው አሥራ ሁለት ነው። ወደ እኛ ማዕከል የተላኩትም ለዚህ ነበር። በአሥራ ሁለት ዙር ውስጥ ድንጋጤያቸው ካልወረደ ከሳጥኑ ወርደው የመጋዘን ጠባቂ ይሆናሉ፤ ሳጥኑም ከዚያ በኋላ ያለ ነጂ ይሄዳል።

እኔ በደብረ ብርሃን የቁርኝት ማዕከል፣ የማላቀቅ ክፍል ረዳት ነበርኩ። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌንም የማዘጋጀው እዚያው ነበር። የክፍሉ ሥራ ለማስረዳት አይከብድም። አንድ ድምፅ ከአንድ መጥፎ ነገር ጋር ተከታትሎ ደጋግሞ ከመጣ ሰውነት ሁለቱን ያቆራኛቸዋል። በኋላ መጥፎው ነገር ቢቀርም ድምፁ ብቻውን ያስደነግጣል። ድምፁን ያለ መጥፎው ነገር ደጋግመን ካሰማን ደግሞ ቁርኝቱ እየላላ ይሄዳል። በአቶ አጥናፉ መዝገብ ላይ «የመነሻው ደወል ከሸለቆው ነፋስ ጋር ሳይቆራኝባቸው አልቀረም» ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ የሳጥኑን የመነሻ ደወል፣ ነፋስ በማይገባበት ክፍል፣ በየዙሩ ሃያ ጊዜ ማሰማት ነበረብኝ።

ከተማችን በዚህ ነገር ያደገች ናት። ውሃ ከመልቀቁ በፊት የውሃ ቃና ይሰማል፤ ሰው ቃናውን ሲሰማ እጁን ሳያስበው እጅጌውን ይሰበስባል። አውቶቡስ ሲሞላ የሚሰማ ቃና አለ፤ ሰልፈኛው እኩል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ የሚጋፋ የለም። ትምህርት ቤት የምሳ ቃና ሲሰማ ሦስት መቶ ልጅ ምራቁን ይውጣል። ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን አርፈው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ከአጥሩ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት የምሳው ቃና ተሰማ። ሐዘንተኛው ሁሉ እኩል ምራቁን ዋጠ። እህቴ ቆንጂት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ሟቹም ሳይውጡ አልቀሩም» አለችኝ። እንዳልስቅ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

አምባር ደግሞ ሁላችንም አለን። እስትንፋስን፣ የልብ ምትንና ቆዳን ያያል። ድንጋጤ ሲያገኝ የእጅ አንጓን ያሞቃል፤ ሰውየው እስኪረጋጋም ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራል። በማዕከሉ መግቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ የሚወርድ አንድ መስመር ነው። ከሥሩ «የከተማችን ድንጋጤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በሰማንያ አንድ በመቶ ቀነሰ» ይላል። ጠዋት ጠዋት ከሥሩ አልፋለሁ። መስመሩን እወደው ነበር።

ደንባችን አራተኛ ተራ ላይ «ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት የተመዝጋቢው ፈቃድ ይጠየቅ» ይላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ደወል በፊት በድምፅ ማጉያው «እንቀጥል?» እላቸዋለሁ። ከእሳቸው በኩል ድምፅ ወደ እኔ አይመጣም፤ በመስታወቱ ግን አያቸዋለሁ። ቅንድባቸው ይነሳል፣ አፋቸው ይከፈታል፣ ደረታቸው ይሞላል። ከዚያ ደወሉ ይደወላል። ደረታቸው ላይ ከታሰረው መለኪያ ጋር የተያያዘው መሣሪያዬ አንድ ድንጋጤ ይመዘግባል።

በመጀመሪያው ዙር ሃያ ደወል፣ ሃያ ድንጋጤ። በሁለተኛውም ሃያ። በጣም የሚፈሩ ሰዎች እንኳ በሦስተኛው ዙር ወደ አሥራ አራት፣ በአምስተኛው ወደ ስምንት ይወርዳሉ። አቶ አጥናፉ በስድስተኛውም ሃያ ነበሩ።

በየዙሩ መካከል እረፍት አለ። እሳቸው ግን የደነገጠ ሰው አይመስሉም ነበር።

«ዶክተር ልበልሽ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ገና ነኝ፣ ጋሽ አጥናፉ።»

«እንግዲያው ካሁኑ ልበልሽ። ስትሆኚ አፌ እንዳይከብደው።»

«ሐመልማል ይበቃኛል።»

ስለ ነፋሱ ጠየቅኳቸው። ደንቡ ስለሚያስፈራው ነገር በቀጥታ መጠየቅን አይከለክልም፤ የሚያደርገው ሰው ግን የለም።

«ነፋስ ይፈራል አሉሽ?» አሉ። «እኔ ነፋሱን አውቀዋለሁ። ከስምንት ሰዓት በኋላ ከወንዙ ይነሳና ሳጥኑን በጎን ይገፋዋል። ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ስደርስ ቀስ እላለሁ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እቅፍ ያደርጋሉ፣ እኔ አንድ ቀልድ እነግራቸዋለሁ፣ አለፍን ማለት ነው። ያለ ነጂ የሚሄደው ሳጥን ይሄን ካወቀ ይሂድ። የሚያውቅ ካልሆነ ግን ሰው ጭኖ አይሂድ።»

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ምንተስኖት የስድስቱን ዙር ውጤት አይተው «አንዳንድ ሰው አይላቀቅም። ጻፊውና ለሚቀጥለው ቦታ ልቀቂ» አሉኝ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ አርባ ሰው ይጠብቅ ነበር።

እኔ ግን ሃያ ቁጥር አልዋጥ አለኝ። ፍርሃት እንዲህ የተስተካከለ አይደለም። የሚፈራ ሰው አንዳንዴ ይዘናጋል፣ አንዳንዴ ይደክመዋል። አንድ ቀን ምሳዬን ትቼ የመሣሪያውን ዝርዝር ሰዓት አየሁ። ድንጋጤው የሚመጣው ደወሉ ከመደወሉ በፊት ነበር። መቶ ሃያውም።

ይህ ለአንድ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። የኔ «እንቀጥል?» ሁልጊዜ ከደወሉ በፊት ስለሚመጣ ጥያቄው ራሱ ተቆራኝቶባቸዋል ብዬ አሰብኩ። ለማረጋገጥ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ዙር ደወሉን ትቼ ጥያቄውን ብቻ አሰማኋቸው። ጥያቄውን ደወል ካልተከተለው መላላት አለበት። ሃያ፣ ከዚያም ሃያ ሆነ። ከአሥራ ሁለት ዙራቸው ሁለቱን ለራሴ ጉጉት እንዳዋልኩባቸው የገባኝ በኋላ ነው።

ስምንተኛው ዙር እንዳለቀ መለኪያውን ከደረታቸው ሳልፈታ ፔርሙዙን ይዤ ገባሁ። የክፍሌ በር ክፍት ነበር።

«ሻይ ልጨምርልዎ?» አልኩ።

ቅንድባቸው ተነሳ፤ አየር ሳቡ። በክፍሌ ውስጥ መሣሪያው «ጢቅ» አለ።

ፔርሙዙን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ስኳር ይጨመር?»

ጢቅ።

«ሁለት?»

«ሦስት አድርጊው» አሉ በአፋቸው። መሣሪያው ዝም አለ።

«ሦስት?»

ጢቅ።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ስኳር ያስፈራዎታል?»

«በስኳር የሚያስፈራራኝ ሐኪሙ ነው። ምነው?»

«አሁን ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግኩ?»

«አየር ሳቡ። ወደ ውስጥ።»

ትንሽ አሰቡ። «እሺ አልኩሽ ነዋ» አሉ።

«እንዴት?»

«እንዴት ማለት?» ቅንድባቸውን አንስተው እንደገና ሳቡ። ጢቅ። «ይሄው። እሺ፣ አዎ፣ ልክ ነሽ፣ ቀጥዪ። ለሁሉም ይሆናል። እናትሽ እንዲህ አይሉም?»

«አይሉም።»

«አባትሽስ?»

«አላስታውስም።»

«ታዲያ እናንተ አገር ሰው ሲያወራ እየተሰማ መሆኑን በምን ያውቃል?»

ሻዩን ቀዳሁላቸው።

«እኔ ደግሞ» አሉ ብርጭቆውን እያሽከረከሩ፣ «ሃያ ጊዜ ትጠይቂኛለሽ፣ ሃያ ጊዜ እሺ እልሻለሁ። በማግስቱ ደግሞ ሃያ ጊዜ። እሺታዬ አልጣማትም መሰለኝ ብዬ እኮ እያጠነከርኩት ነው የመጣሁት።»

እየሳቁ ነበር። እኔ ግን የእናቴ አክስት ትዝ አሉኝ። ከጀማ ማዶ፣ መርሐቤቴ ይኖሩ ነበር፤ ትንሽ ሆኜ እናቴ ስልኩን ትሰጠኝና ስለ ትምህርቴ እነግራቸው ነበር። አንድ ነገር ተናግሬ ዝም ስል ከወዲያ አጭር ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። መስመሩ የተቋረጠ ይመስለኝና እዘጋዋለሁ። ብዙ ጊዜ ዘግቼባቸዋለሁ። ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ያን ቀን ስወጣ በአዳራሹ ሥዕል ሥር ቆምኩ። መስመሩ ከግራ ሲጀምር፣ በ2068 ዓ.ም.፣ አንድ የከተማችን ሰው በቀን መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ይደነግጥ ነበር ይላል። የአቶ አጥናፉ መቶ አርባ ነው። ተመልሼ ወደ መዝገብ ክፍል ሄድኩና የመጀመሪያውን ዓመት ዝርዝር ከፈትኩ። ከስድስቱ ድንጋጤ አምስቱ የተመዘገበው ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ነው፤ የሌላው ሰው ድምፅ ካቆመ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ። በየዓመቱ እየቀነሰ የመጣውም እሱ ነበር። ብቻቸውን ያሉ ሰዎች ድንጋጤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ምንም አልተለወጠም።

ለዶክተር ምንተስኖት መናገር ነበረብኝ። እኔ በሰው ፊት ብዙ መናገር አልችልም፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ «ምን ዓይነት ትንፋሽ ነው?» አሉኝ። ለማሳየት ሞከርኩ። ከዚያ በፊት አድርጌው ስለማላውቅ ሳልኩ።

«እንደሱ አይደለም» አሉና ራሳቸው አደረጉት። አምባራቸው አንጎራጎረ። በሌላኛው መዳፋቸው ሸፈኑት። ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነው።

«አባቴ እንዲህ ይል ነበር» አሉ።

«እርስዎስ መቼ ተዉት?»

«እኔ እንጃ። ተዉ ያለን ሰው የለም። አምባሩ ሲያንጎራጉር አጠገብህ ያለው ዞሮ ‹ምን ሆንክ?› ይልሃል። በቀን መቶ ጊዜ ምን ሆንክ ከምትባል...» አልጨረሱትም። እጃቸው አምባሩ ላይ እንዳለ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ።

«መለኪያውን ማረም ይቻላል?»

«ድንጋጤ ምንድን ነው የሚለውን የሚወስነው ብሔራዊ ኮሚቴው ነው። ጥያቄ ይቀርባል፣ ይመረመራል። ሁለት ዓመት።»

«አቶ አጥናፉ የቀራቸው አራት ዙር ነው።»

«አውቃለሁ። ደንቡን ሳትጥሺ ልታደርጊ የምትችዪው ካለ አድርጊ።»

በዘጠነኛው ዙር በአፋቸው «አዎ» እንዲሉ ነገርኳቸው። ሞከሩ። በመስታወቱ ሳይ ቅንድባቸው ይነሳል፣ አየር ይስባሉ፣ ከዚያ ከንፈራቸው «አዎ» ይላል። ሃያ። «ቀድሞኝ ይወጣል፤ እንደ ማስነጠስ ነው» አሉኝ። በአሥረኛው ከንፈራቸውን ገጥመው ያዙ። በአፍንጫቸው ገባ። ሃያ። በአሥራ አንደኛው ዙር ላብ እስኪያጠምቃቸው ድረስ ታገሉና ሃያ ሦስት ሆነ፤ ሦስቱ ራሳቸውን ሲቆጡ የተመዘገቡ ናቸው።

መለኪያውን ልፈታላቸው ገባሁ። እንደወትሮው አልቀለዱም።

«ሐመልማል» አሉ፤ በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር። «መጋዘኑን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላየሁትም።»

«መስኮት አለው?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

ደክመው ነበር፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ወድቋል። አሳዘኑኝ። የማይሆን ነገር መሆኑን እያወቅኩ «ነገ ይቅርብዎት?» አልኳቸው።

«አይ፣ አይቀርም።»

«በጣም ከደከመዎት እናቁመው?»

«አይ። የመጣሁበትንማ ልጨርስ።»

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ማለቴ፣ ያልሰማሁት። መሣሪያው ዝም ብሎ ነበር። ወደ ክፍሌ ሄጄ ወረቀቱን አየሁ፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለት ጊዜ መልሰውልኛል፣ በወረቀቱ ላይ ግን አንዲት ምልክት የለችም። አቶ አጥናፉ እምቢ ሲሉ አየር አይስቡም። ማንም አይስብም።

ደንቡን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ፈቃድ ይጠየቅ ይላል። በምን ቃል የሚል ነገር የለውም።

በማግስቱ ለአሥራ ሁለተኛው ዙር ዶክተር ምንተስኖት ራሳቸው መጡና እጃቸውን አጣምረው ከኋላዬ ቆሙ። ለማለፍ ከሃያው ደወል የሚፈቀደው ሦስት ድንጋጤ ነው። ለአቶ አጥናፉ ምንም አልነገርኳቸውም፤ ከነገርኳቸው ይታገላሉ ብዬ ነው። ማጉያውን ከፈትኩ።

«እናቁም?» አልኩ።

ግራ ተጋብተው ወደ መስታወቱ አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከንፈራቸው «አይ» አለ። ደወሉ ተደወለ። መሣሪያው ዝም አለ።

«እናቁም?»

«አይ።» ደወል። ዝምታ።

አምስተኛው ላይ ነገሩ ገብቷቸው ከንፈራቸው ዳር ላይ ሳቅ መጣ። ከኋላዬ የዶክተሩ ጫማ ወለሉን ሲጭር ሰማሁ። አሥራ አራተኛው ላይ «እናቁም?» ስላቸው ግን ወዲያው አልመለሱም። ጣሪያውን አዩ። እዚያ ላይ «እሺ» ቢሉ ዙሩ ይቋረጣል፤ የተቋረጠ ዙር ደግሞ አይቆጠርላቸውም። ጣቴ ማብሪያው ላይ ነበር። ከዚያ ራሳቸውን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

አሥራ ሰባተኛው ላይ የጽዳት ጋሪ ከውጭ በራቸውን ገጨው። አቶ አጥናፉ ደነገጡ። ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጣ፣ ዓይናቸው ተጨፈነ፣ ቅንድባቸው ወደ ታች ተሰበሰበ። ጢቅ። ለሦስት ሳምንት ያየኋቸው ሰው ሲደነግጡ ምን እንደሚመስሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሃያ ደወል፣ አንድ ድንጋጤ።

ዶክተር ምንተስኖት ቅጹን ፈረሙ። «ቁርኝቱ ተላቅቋል፤ ወደ ሥራ ይመለሱ» ይላል፤ ሌላ አማራጭ ቃል ቅጹ ላይ የለም። አቶ አጥናፉ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

«ምኑ ነው የተላቀቀው?»

«ምንም፣ ጋሼ። ግን ያሳልፍዎታል።»

ቅንድባቸውን አንስተው አየር ሳቡ። አምባራቸው አንጎራጎረ። ሁለታችንም አየነው።

«ሥራ ላይስ?» አልኳቸው። «እዚያ በብዛት የሚጠይቅዎ ማን ነው?»

«ጣቢያው ላይ ያለችው ልጅ ናታ። በእያንዳንዱ ጉዞ ‹ዝግጁ ነዎት?› ትለኛለች። በቀን ስልሳ ጊዜ። ተሳፋሪውም አለ፤ ‹ደረስን?› ‹እንቀመጥ?› የማይጠይቅ የለም።»

«ልጅቷ ‹የሚያግድ ነገር አለ?› ብላ ትጠይቅዎት። ተሳፋሪው ሲያወራዎትም በአንገትዎ ይመልሱ፤ የቻሉትን ያህል።»

«እሺ። ሚስቴ ስታወራ ግን አወልቀዋለሁ። ለሷ በአንገት ብመልስላት ከቤት ታስወጣኛለች።»

በሚቀጥለው ወር የቀን አማካያቸው አሥራ አንድ ነበር።

የጥናት ሐሳቤን ጽፌ ለዶክተር ምንተስኖት ያስገባሁት በዚያው ሰሞን ነው። በከተማው መዝገብ ላይ ካለው ድንጋጤ ስንቱ እሺታ ነው የሚል ነበር። ጽፌ እንደጨረስኩ አንድ ምሽት እራት ላይ ቆንጂት ስለ ሥራ ባልደረባዋ ትነግረኛለች። ሴትዮዋ አለቃዋ ፊት ስላደረገችው ነገር ነበር።

«...እና ምን ብትለው ጥሩ ነው፤ እየሰማሽኝ ነው?»

አምባሬ አንጎራጎረ።

ቆንጂት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ምን አስደነገጠሽ?»

«ምንም። እየሰማሁሽ ነው።»

«እየሰማች የምትደነግጥ ሰው ዛሬ አየሁ። ገና ዋናውን መች ነገርኩሽ?»

«ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። ሦስት ጊዜ አንጎራጎረ። በሦስተኛው ላይ እጄን ከጠረጴዛው በታች አደረግኩት። ለአሥራ አንድ ዙር እጠይቃለሁ፣ ያ ትንፋሽ ይመጣል፣ እኔም ተፈቀደልኝ ብዬ ቀለል ይለኛል። ይህን ያህል ጊዜ የተደጋገመ ነገር ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ቆንጂት ያን ምሽት ወትሮ ከምታወራው ሁለት እጥፍ አወራች፤ ለምን እንደሆነ እሷም አላወቀችውም።

ዶክተር ምንተስኖት ሐሳቤን አንብበው ጠሩኝ።

«መዝገቡ ጥሩ ነው» አሉ። «ኮሚቴው ግን በአሮጌ መዝገብ ብቻ አያምንም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይፈልጋል፤ ከልጅነቱ አምባር ያሰረ፣ የከተማ ሰው፣ እንዲያም ሆኖ እንደዚያ የሚተነፍስ። እንዲህ ያለውን ሰው ከየት ታመጪያለሽ?»

«አንድ ሰው አለ» አልኩ።

አዩኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቁም።

«የአዳራሹ ሥዕልስ?» አልኳቸው።

«ለጊዜው እንደተሰቀለ ይቆይ። መጀመሪያ ቁጥር እናምጣ።»

ሰኞ ጠዋት እንደወትሮው ከሥዕሉ ሥር አልፌ ገባሁ። በዚህ ጊዜ በሌላኛው፣ በተመዝጋቢው በር ነበር የገባሁት። ወንበሩ ከማስበው በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ከእሱ ላይ ሲታይ መስታወቱ ጥቁር ነው፤ ከጀርባው ያለው ሰው አይታይም። አቶ አጥናፉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይመልሱ የነበረው ለማያዩት ሰው ነበር ማለት ነው። የዶክተር ምንተስኖት ድምፅ በማጉያው መጣ።

«እንጀምር?»

መሣሪያው አንድ ድንጋጤ መዘገበ።